በደሴ መሃል ከተማ ቅንጡ አፓርታማ ውስጥ መኖር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፒያሳ አጠገብ ባለ ጂ ፕላስ 8 ህንፃ፣ 5ኛ ፎቅ ላይ ከቤተሰቤ ጋር መኖር ከጀመርኩ 3 ዓመት ሞላኝ። ከዚያ በፊት ሆጤ አካባቢ ግቢ ባለው ቤት ነበርን። አፓርታማ ለመከራየት ወይም ለመግዛት ያሰበ ዘመድ፣ የሥራ ባልደረባ፣ ከአረብ አገር የሚደውል የድሮ ጎረቤት ሁሉ ያንኑ ጥያቄ ያነሳልኛል። ስለ ማርብሉ ደላላው ይነግራችኋል። እኔ ኖሬ ያየሁትን፣ ከጎረቤቶቼም የሰማሁትን ልንገራችሁ።

ደሴ ላይ «ቅንጡ አፓርታማ» የሚባለው ምን ዓይነት ነው?

ሊፍት፣ ጀኔሬተር፣ የ24 ሰዓት ጥበቃ፣ የመኪና ማቆሚያና ጥሩ ፊኒሺንግ ካለው ቅንጡ ይባላል። ብዙውን ጊዜ ከታች ሱቅ ወይም ባንክ ነው፣ ከላይ መኖሪያ። ሳሎኑ ሰፊ ነው፣ ኮርኒሱ ጂፕሰም ነው፣ ወጥ ቤቱ ከሳሎኑ ጋር ክፍት ነው። ይሄ ሁሉ ደስ ይላል። እኔም መጀመሪያ ያየሁት እሱኑ ነው። ከገባን በኋላ ኑሯችንን የወሰኑት ግን ሌሎች ነገሮች ናቸው፤ ውሃ፣ መብራት፣ ሊፍትና ጎረቤት።

ውሃ ይጠፋል? ላይኛው ፎቅስ ይደርሳል?

ይጠፋል። የከተማው ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ተራችን ሲደርስ ምድር ቤት ያለው ታንከር ይሞላል። ከዚያ ፓምፕ ወደ ጣሪያው ሮቶ ይገፋዋል። ከሮቶው ደግሞ በራሱ ክብደት ወደየቤቱ ይወርዳል።

ስለዚህ «ውሃ አለ ወይ?» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። ታንከሩ ስንት ሊትር ይይዛል? ለስንት ቤት ነው? ብላችሁ ጠይቁ። ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ሰው ቆጥቦ ከተጠቀመ በቀን 50 ሊትር ይበቃዋል እንበል። አምስት ሰው ያለበት ቤት 250 ሊትር ይፈልጋል። 16 ቤት ካለ በቀን 4,000 ሊትር ነው። ታንከሩ 20,000 ሊትር ቢይዝ 5 ቀን ያደርሳል። ውሃው በ8 ቀን አንዴ ከመጣ፣ የቀረውን 3 ቀን በቦቴ እየገዛችሁ ነው የምትኖሩት። የቦቴው ዋጋ በማን እንደሚሸፈን ውሉ ላይ ካልተጻፈ ጭቅጭቁ የማይቀር ነው።

ሁለተኛው ነገር ግፊት ነው። ውሃ ግፊቱን የሚያገኘው ከቁመቱ ነው። 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ገደማ ይሰጣል። ሮቶው ከ8ኛ ፎቅ ሻወር በ3 ሜትር ብቻ ከፍ ቢል፣ እዚያ የሚደርሰው 0.3 ባር ነው። ይንጠባጠባል እንጂ አይወርድም። ያው ውሃ 2ኛ ፎቅ ሲደርስ 2 ባር አልፎ በደንብ ይፈስሳል። 8ኛ ፎቅ ያሉት ጎረቤቶቻችን የጦሳን ተራራ ከነሙሉ ግርማው የሚያዩ ናቸው። ግን በራሳቸው ገንዘብ ትንሽ ፓምፕ እስኪያስገጥሙ ድረስ ገላቸውን በጆግ ነበር የሚታጠቡት። ላይኛውን ፎቅ የምትፈልጉ ከሆነ ለላይኞቹ ቤቶች የተለየ የግፊት ፓምፕ መኖሩን አረጋግጡ። እኔ ከ3ኛ እስከ 5ኛ ያለውን እመርጣለሁ።

መብራት ሲሄድ ሊፍቱ ይቆማል?

ጀኔሬተሩ እስኪነሳ ይቆማል። ውስጥ ሆናችሁ ቢቆም አትደንግጡ። ሊፍት መብራት ሲቋረጥበት ፍሬኑ ራሱ ይይዛል፤ አይወድቅም። በሩን በጉልበት ለመክፈት አትሞክሩ፤ አደጋው ያለው እዚያ ነው። ደወሉን ተጭናችሁ ጠብቁ። መብራት ሲጠፋ በባትሪ ወደ ቅርቡ ፎቅ አድርሶ በሩን የሚከፍት መሣሪያ የተገጠመላቸው ሊፍቶች አሉ። የኛ የለውም። ሲገዛ ቢታሰብበት ኖሮ ብዙ ድንጋጤ ይቀር ነበር።

ስለ ጀኔሬተሩ ደሴ ላይ የግድ መታወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። ሞተር ደግሞ ነዳጁን ለማቃጠል አየር ይፈልጋል። ተርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ጀኔሬተር በዚህ ከፍታ ላይ ከተጻፈለት ጉልበት ሩብ ያህሉን ሊያጣ ይችላል። አዲስ ሲገባ «100 ኪሎ ቮልት አምፔር» የተባለ ጀኔሬተር እዚህ 75 ቢሰጥ አይግረማችሁ። ሊፍቱንና ፓምፑን አንድ ላይ ማንሳት ያቃተው ጀኔሬተር ካያችሁ ምክንያቱ አንዱ ይሄ ሊሆን ይችላል። የኛም እንደዚያ ነበር። መፍትሔ ያገኘነው ሁለቱ በተለያየ ሰዓት እንዲሠሩ በማድረግ ነው። ፓምፑ ሌሊት ይሠራል፣ ቀን ጀኔሬተሩ ለሊፍቱ ይተዋል።

የሊፍት ብልሽት ሌላ ጣጣ ነው። ቮልቴጅ ሲዋዥቅ የመቆጣጠሪያ ቦርዱ ይቃጠላል። የኛ ሲቃጠል ባለሙያም ቦርድም ከአዲስ አበባ ነው የመጡት፤ መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ነው። ሊፍቱ ለ19 ቀን ቆመ። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፤ 19 ቀን ሙሉ ከቤት አልወጣችም። ቤተ ክርስቲያን መቅረቷ ከሁሉ በላይ አሳዘናት። ሽማግሌ፣ ነፍሰ ጡር ወይም አካል ጉዳተኛ ያለበት ቤተሰብ ከ2ኛ ፎቅ በላይ ከመውጣቱ በፊት ደጋግሞ ቢያስብበት እላለሁ።

በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ከተማዋ በጦርነቱ ተይዛ መብራት በጠፋበት ጊዜ ፎቅ ላይ የኖሩ ሰዎች ዛሬም አይረሱትም። ፓምፕ የለም፣ ሊፍት የለም። ውሃ በጀሪካን በደረጃ ነበር የሚወጣው። ያንን ያየ ሰው ቤት ሲመርጥ መጀመሪያ ደረጃውን ነው የሚያየው፤ ሰፊ ነው? የቀን ብርሃን ይገባዋል? መደገፊያ ብረት አለው? እኔም ከነሱ ተምሬ እንደዚያ ነው የማየው።

እንጀራ መጋገር ይቻላል?

ይቻላል፤ ግን በተራ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። ቅዳሜ ጠዋት አሥር ቤት ምጣድ ቢጥድ 40 ኪሎ ዋት ሊደርስ ነው። ዋናው ብሬከር ይዘላል፣ ህንፃው በሙሉ ይጨልማል። መጀመሪያ አካባቢ በየሳምንቱ ይሄ ይገጥመን ነበር። አሁን ፎቅ በፎቅ ቀን ተመድበናል። የኛ ረቡዕ ነው። ጀኔሬተር ሲበራ ምጣድ መጣድ ክልክል ነው።

ክፍት ወጥ ቤቱን በተመለከተ እውነቱን ልናገር። ለኛ ምግብ አልተሠራም። ቁሌት ስታቁላሉ ሶፋው፣ መጋረጃው፣ የልጆቹ ጃኬት ሁሉ ሽንኩርትና በርበሬ ይሸታል። በመስታወት በር ያስዘጉ ጎረቤቶች አሉ፤ እኛም ሁለተኛው ዓመት ላይ አስዘጋን። ከጀርባ ትንሽ ማጀት ያለው ቤት ካገኛችሁ ክፍሎቹ ትንሽ ቢጠቡም እሱን ያዙ።

ከኛ ዝቅ ካለችው ከኮምቦልቻ ለሚመጡ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ ከከፍታው የተነሳ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ባቄላና ሽምብራ ቶሎ አይበስልም። ያለ ፕሬዠር ማብሰያ መብራቱንም ጋዙንም ትጨርሳላችሁ።

ብርዱስ? የትኛው ጎን ይሻላል?

ወደ ደቡብ የሚያይ ሳሎን ፈልጉ። ከኅዳር እስከ ጥር፣ ውርጭ በሚጥልበት ወቅት፣ ፀሐይ በደቡብ በኩል አዘንብላ ነው የምትሄደው። በዚያ በኩል መስኮት ያለው ቤት ከጠዋት ጀምሮ ይሞቃል። ወደ ሰሜን የሚያየው በዚያ ወቅት ፀሐይ አያገኝም። ጦሳ ደግሞ በምዕራብ ስለቆመ ፀሐይ ቶሎ ትከለላለች። ከሰዓት በኋላ ይሞቀኛል ብሎ ወደ ጦሳ የሚያይ ቤት የያዘ ጎረቤቴ እስከ ዛሬ ይቆጨዋል።

ሐምሌና ነሐሴ ሌላ ፈተና ነው። ጉሙ መስኮት ድረስ ይመጣል። ልብስ ሦስት ቀን አይደርቅም። ቁም ሣጥን ከግድግዳ ጋር ከተጣበቀ ከጀርባው ይሻግታል። አራት ጣት ያህል አርቁት። ቀን ቀን ለግማሽ ሰዓትም ቢሆን መስኮት ክፈቱ።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልለምናችሁ። ከሰል ያለበት ምድጃ መኝታ ቤት አስገብታችሁ አትተኙ። በድሮው ጭቃ ቤት በጣሪያውም በበሩም አየር ይገባል። የአሉሚኒየም መስኮት ግን ጥርቅም ብሎ ነው የሚዘጋው። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ሰው እንደተኛ ይቀራል። ብርድ ልብስ ደርቡ፣ ጋቢ ልበሱ፣ ውሃ አፍልታችሁ በላስቲክ የሙቅ ውሃ ከረጢት ታቀፉ። ከሰል ግን በረንዳ ላይ ይቅር።

ታዲያ ቡና እንዴት ይፈላል? ጎረቤት የሚባል ነገርስ አለ?

ይሄን ጥያቄ ስሰማ ደስ ይለኛል። ወደ አፓርታማ ስንገባ ትልቁ ፍርሃቴ ይሄው ነበርና። የመጀመሪያው ወር ሊፍት ውስጥ «ሰላም ነው?» ተባብለን ዝም ነበር። ወሎ ተወልዶ ያደገ ሰው ጎረቤቱን ሳያውቅ አንድ ወር መኖር ከበደው።

የጀመሩት 4ኛ ፎቅ ያሉት እትዬ ናቸው። አንድ ሐሙስ ቀን የየቤቱን በር እያንኳኩ «ቡና ጠጡ» አሉን። መጀመሪያ ቤታቸው ጠባብ ሆነ። የጭስ ጠቋሚውም ዕጣን ሲጨስ መጮህ ጀመረ። ከዚያ ጣሪያው ላይ ያለውን ቴራስ ጠረግን። ቄጠማው ይጎዘጎዛል፣ ከሰሉም ዕጣኑም እዚያ ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ረከቦት ዙሪያ ይቀመጣል። ጎረቤታችን ሐጂ ዱዓ ሲያደርጉ ሁላችንም «አሚን» እንላለን። የፓምፑ ሰዓት የተወሰነው እዚያ ነው። የእንጀራው ተራ የወጣው እዚያ ነው። ዕድራችንም የተመሠረተው እዚያ ነው።

ዕድሩን አቅልላችሁ አትዩት። ሐዘን ሲደርስ አፓርታማ ውስጥ ድንኳን የት ይተከላል? እኛ ከህንፃችን ታች ካለው ባንክ ጋር ተነጋግረን የመኪና ማቆሚያውን ለሦስት ቀን ለዚሁ እንለቃለን። መኪኖቹ ውጭ ያድራሉ። አንድም ሰው ቅር ብሎት አያውቅም። ቤት ከማየታችሁ በፊት እንዲህ ያለ ስምምነት መኖሩን ጠይቁ። ከሌለ እናንተው ጀምሩት።

በግ የት ይታረዳል?

በረንዳ ላይ አይታረድም። አንዱ ጎረቤታችን ለገና ሞክሮ ደሙና ጸጉሩ የወለሉን ቱቦ ዘጋው። ከታች ያለው ቤት ኮርኒስ ፈረሰ። አሁን ከህንፃው ጀርባ ውሃና መውረጃ ያለው ቦታ ተዘጋጅቷል። የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ቢላዋና መስቀያ ለየብቻ ነው። ቦታው ከመታረጃው ቀን በፊትም በኋላም በደንብ ይታጠባል። ለአረፋ እነሱ ቀድመው ይጠቀማሉ፣ ለፋሲካ እኛ። በጉ ግን ከዋዜማው ሌሊት ጀምሮ ሲጮህ ያድራል። ልጆቹ ወርደው ሣር ያበሉታል፤ እንቅልፍ የለም።

ጫጫታው አያስቸግርም?

ያስቸግራል። የባጃጅ ጡሩምባ፣ የሚኒባስ ረዳት ጥሪ፣ የታች ሱቆች ሙዚቃ አለ። አዛኑና ቅዳሴው ግን ለኛ ጫጫታ አይደለም። የመኝታ ክፍሉ መስኮት ከአስፋልቱ በተቃራኒ ከሆነ ትተኛላችሁ።

የመሬት መንቀጥቀጥስ? ደሴ መሬቱ ይንሸራተታል ይባላል።

ሁለቱም ተገቢ ስጋት ናቸው። ከተማችን ያለችው በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ነው። በ1953 ዓ.ም. ከኮምቦልቻ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ካራቆሬና አጠገቧ ያለችው ማጀቴ በመንቀጥቀጥ ክፉኛ ተጎድተዋል። ትልልቆቹ እስከ ዛሬ ያወሩታል።

ስለ ህንፃ ጥንካሬ መሐንዲስ አይደለሁም። አማክሬው የነገረኝ ግን ለማንም ይጠቅማል። ምድር ቤቱ ለሱቅ ተብሎ ግድግዳ አልባ፣ በቀጭን ኮለን ብቻ የቆመ፣ ከላይ ግን በብሎኬት የተሞላ ህንፃ ሲነቀነቅ መጀመሪያ የሚጎዳው ከታች ነው። የሊፍቱና የደረጃው ዙሪያ በኮንክሪት ግድግዳ መሠራቱን ጠይቁ። ኮለን ቆርጦ በር ያሰፋ ሱቅ ካለ ዝም አትበሉ፤ ለከተማው ህንፃ ሹም አመልክቱ። በህንፃ አዋጁ ያለ ፈቃድ እንዲህ ያለ ለውጥ ማድረግ አይቻልም።

መንሸራተቱን በተመለከተ ዝናብ ሲዘንብ ሂዱና እዩ። ከዳገቱ የሚወርደው ውሃ በቦይ ያልፋል ወይስ ወደ መሠረቱ ይገባል? ድጋፍ ግንቡ ውሃ ማስወጫ ቀዳዳ አለው? ሆድ አውጥቷል? ሰያፍ ስንጥቅ አለ? ይሄን ለማየት ዓይን ይበቃል።

የጋራ ወጪ ምን ምን ነው? ማን ይሰበስባል?

ጥበቃ፣ ጽዳት፣ የሊፍት ጥገና፣ የፓምፕ መብራት፣ ናፍጣ፣ የፍሳሽ ማስመጠጫ። ቤቱ በየግሉ የሚሸጥበት ህንፃ ከሆነ የሚተዳደረው በጋራ ህንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ነው። ቤታችሁ የግላችሁ ነው፤ ደረጃው፣ ጣሪያው፣ ሊፍቱና መሬቱ የጋራ ነው። ባለቤቶቹ ማኅበር ይኖራቸዋል፣ ወጪውንም በድርሻቸው ይሸፍናሉ።

ወረቀት ላይ እንዲህ ነው። የኛን ህንፃ የሠራው አካል ግን ቤቶቹን ሸጦ ካበቃ በኋላ ለአንድ ዓመት ያህል ማኅበር እንዳይቋቋም ሲያጓትት ነበር። ገንዘቡን ራሱ ይሰበስባል፣ ደረሰኝ አይሰጥም። ጣሪያውንም ለማስታወቂያ ሰሌዳ አከራይቶ ነበር። ማኅበሩ ሲቋቋም መጀመሪያ ያደረግነው የባንክ ሒሳብ በሦስት ሰው ፊርማ መክፈት ነው። በየወሩ ገቢና ወጪው ሊፍቱ አጠገብ ይለጠፋል። ከዚያ ወዲህ «አልከፍልም» የሚል ሰው ጠፍቷል።

ለኪራይ የስድስት ወር ቅድሚያ ጠየቁኝ። መክፈል አለብኝ?

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ውሉም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። በክልል ከተሞች የሚሠራው ክልሉ በሚወስንባቸው ስለሆነ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ወደ ከተማው ቤቶች ጽሕፈት ቤት ጎራ በሉ። የሆነው ሆኖ ውሉ በጽሑፍ ይሁን። ክፍያውም በባንክ ይሁን።

ለምን ኮምቦልቻ አይሻልም?

ሥራችሁ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ወይም ፋብሪካዎቹ ጋ ከሆነ ይሻላል። ኤርፖርቱም እዚያ ነው። ሙቀቱ ይስማማል፣ መሬቱም ሜዳ ይበዛዋል። 25 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሆንም በየቀኑ የሐረጎን ዳገት መውረድና መውጣት፣ ክረምት ላይ በዚያ ጉም፣ ይሰለቻል። አንድ ጎረቤታችን ሁለት ዓመት ተመላልሶ በመጨረሻ ወደ ኮምቦልቻ ወረደ። ሚስቱ ግን ሐሙስ ሐሙስ ለቡናው ትመጣለች።

ቤቱን ለማየት መቼ ልሂድ?

ደላላ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ነው የሚወስዳችሁ፤ ፀሐይ አለ፣ መንገዱ ጸጥ ብሏል። እናንተ ግን ለብቻችሁ ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ተመለሱ። ሁሉም ሰው ቤቱ የገባበት፣ ወጥ የሚጣድበት፣ ልጅ የሚታጠብበት ሰዓት ነው። ላይኛው ፎቅ ላይ ቧንቧ ክፈቱ። በደረጃ ውረዱ። ጥበቃውን «ባለፈው ሳምንት ውሃ ስንት ቀን ነበር?» በሉት።

ከዚያ የአንዱን ቤት በር አንኳኩ። «ቤት ልከራይ አስቤ ነበር» በሉ። ደሴ ነውና ቡና ሳይቀርብላችሁ አትወጡም። አቦሉ ላይ ስለ ልጆቻችሁና ስለ አገራችሁ ይጠይቋችኋል። እኔ ስለ ጀኔሬተሩ የሰማሁት ቶናው ላይ ነው፤ ያኔ ግን ውሉን ከፈረምኩ ሁለት ወር አልፎኝ ነበር።